ለባሌ የተውኩለት ብልሽት

የግራሶ ሽታ እስከ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል። ጋራዥ ያለበት መንገድ ካጋጠመኝ ተሻግሬ ነው የማልፈው። ድሮ የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ሲያዩ ይስቁብኛል፤ "አንቺ እኮ አምቦ ውስጥ መኪና የነዳሽ፣ ኮፈን ከፍተሽ የፈታሽ የገጠምሽ ሴት ነሽ" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። የጠላሁትም ከሩቅ ሆኜ ሳይሆን እጄን አስገብቼ ነው።

አምቦ የገባሁት በደርግ ጊዜ፣ የቤት አያያዝ መምህርት ሆኜ ነው። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ባሌ ግን የልደት ወረቀቱ ላይ በአምቦ የቀድሞ ስም "ሀገረ ሕይወት" ተብሎ የተጻፈለት የከተማዋ ልጅ ነበር፤ ሥራውም እርሻ መሥሪያ ቤት። ከተጋባን በኋላ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ጣሊያን ላይ አሮጌ ትንሽ መኪና ገዛ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የቅዳሜ ባል አልነበረኝም። የነበሩኝ ከመኪና ሥር የወጡ ሁለት እግሮች ናቸው።

ለምን ለጋራዥ እንደማይሰጣት ስጠይቀው፣ "ደህናውን ዕቃ አውልቀው አሮጌ ይገጥሙባታል" ይለኝ ነበር። ይሄ ውሸት አልነበረም። በዚያ ዘመን መለዋወጫ እንደ መድኃኒት ይፈለግ ስለነበር፣ መኪናውን ጋራዥ ያስገባ ሰው አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ነበር የሚውለው። ነገር ግን ባሌ ራሱ ይሠራል ሲባል የሚሠራው በእኔ ዕቃ ነው። የልጄን የሽንት ጨርቅ የማጥብበትን ሳፋ ከሥሯ አስገብቶ የተቃጠለ ዘይት ያጠልልበታል። የካርቡራተሯን ብልቶች ነጭ ጋዝ በሞላው የወጥ ድስቴ ውስጥ ዘፍዝፎ ምድጃዬ አጠገብ ያስቀምጣል። ቤንዚን ሲያዛውር ቱቦውን በአፉ ይስብና የመጀመሪያውን ጉንጭ ጤና አዳሜ ላይ ይተፋል። ከዚያ በዚያው አፉ የልጅቷን ጉንጭ ይስማል። ልጅቷ ገና ዳዴ የምትል ነበረች፤ ፊቷን አጨማዳ ስታለቅስ እሱ ይስቃል።

ደግሞ ብቻውን አይሠራም። ኮፈን የተከፈተ እንደሆነ ወሬው በምን እንደሚደርሳቸው እንጃ፣ የሰፈሩ ወንዶች ለቅሶ እንደሰማ ሰው ይሰበሰባሉ። አንዱ "ካንዴላው ነው" ይላል። አንዱ "የለም፣ ነዳጅ አይደርሳትም" ይላል። ሌላው ምንም ሳይል ጣቱን ሰዶ የማያውቀውን ሽቦ ይነካካል። በአማርኛ የጀመሩትን ክርክር በኦሮምኛ ይጨርሱታል፤ እኔን በሁለቱም ይሰለቸኛል። ሻይ አፍልቼ የማቀርበው እኔ፣ ብርጭቆው ላይ የቀረውን የጥቁር ጣት አሻራ በአመድ የምፈገፍገው እኔ። ከሄዱ በኋላ ግቢው በትፋትና በዘይት ጨርቅ ተሞልቶ ሳየው ደብረ ብርሃን፣ እናቴ ቤት፣ በተመለስኩ እል ነበር።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን የውሃው ነገር ነው። የአምቦ ሰው የከተማው ፍል ውሃ የማያድነው በሽታ ያለ አይመስለውም። ሆዱን ሲነፋው ይጠጣዋል፣ ቆዳውን ሲያሳክከው ይታጠብበታል፣ መኪና ያለው ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት በጄሪካን ቀድቶ ራዲያተሩ ውስጥ ይጨምረዋል። "ዝገት ይበላል" ነው የሚሉት። ውሃው ራዲያተሩ ውስጥ ሲንሿሿ ባሌ ጆሮውን አስጠግቶ፣ "ሰማሽ? እያጸዳ ነው" ይለኛል። እኔ ያንኑ ውሃ ያፈላሁበት ማንቆርቆሪያ ውስጡ እንዴት ነጭ ቅርፊት እንደሚያበቅል አይቻለሁ። በቢላ ስፍቀው እንደ እንቁላል ልጣጭ እየተሰባበረ ነበር የሚወድቀው። አንድ ቀን፣ "የዝናብ ውሃ ብትጨምርባትስ?" አልኩት። ከቆርቆሮ ላይ የወረደ ውሃ የወፍ ኩስ ስላለበት መኪናው ውስጥ እንደማያስገባ ነገረኝ። የልጄን ሳፋ አንሥቼ ዘይቱን ልፈገፍግ ሄድኩ።

ከዚያ ባሌ ወደ ባኮ ተዛወረ። ባኮ ቆላ ነው፣ የበቆሎ አገር። መኪናዋን ሊወስዳት አልፈለገም፤ "ሙቀቱ ይገድላታል" አለ። "እኛስ አብረን እንሂድ" ስለው ደግሞ፣ "ወባ አለ፣ ቤት የለም፣ መጀመሪያ እኔ ልደላደል" አለኝ። ስለዚህ መኪናዋም እኛም አምቦ ቀረን። በዚያ ጊዜ ተዛውሬ የማስተምረው አጠገባችን ጉደር ነበርና መንዳት ተምሬ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። መንገድ ላይ የሚያየኝ ሰው ሁሉ አንገቱ እስኪዞር ይከተለኝ ነበር።

ባሌ ሊሄድ ሲል መኪናዋ ፊት አቁሞ ሥራ አከፋፈለኝ። ማጠብ፣ ጎማ ማስነፋትና ፍል ውሃውን መጨመር የእኔ። ጎማ መቀየርና ባትሪ ማስሞላት ማዶ ያለው የጋራዥ ሰውዬ፣ እሱም እኔ አጠገቡ ቆሜ እያየሁ። ሌላው በሙሉ የእሱ ብቻ። "ለውሃ ካልሆነ ኮፈኑን እንዳትከፍቺው። ይሄ የሴት ሥራ አይደለም" አለኝ። ስለ ልጅቷ ግን ምንም አላከፋፈለም። እሷ በሙሉ የእኔ ድርሻ ነበረች።

መጀመሪያ በየቅዳሜው ይመጣ ነበር። ቀጥሎ ስብሰባ መጣ፣ ዘመቻ መጣ፣ አውቶቡስ ሞልቶ አለፈ፣ ከጌዶ ወዲያ መንገዱ ጭቃ ሆነ። በአውቶቡስ ሹፌር እጅ የበቆሎ እሸት ይልክልን ጀመር፤ እሱ ግን ቀረ። ሌላ ሴት ይዞ ይሆናል ብዬ ባኮ የሚመላለሱ ሰዎችን አጠያየቅሁ። አልያዘም። ይሄ ይበልጥ አንገበገበኝ። ሌላ ሴት ብትኖር ቢያንስ የምረግማት ሰው አገኝ ነበር። ሰውዬው ዝም ብሎ ተመችቶት ነው። ልብሱን የምታጥብለት አለች፣ ካርታ የሚጫወቱት ጓደኞች አሉት፣ ማታ የሚያለቅስ ልጅ የለም። አንድ ጊዜ ታይፎይድ ይዞኝ አልጋ ላይ ወድቄ ሳለ በዚያው ሹፌር የላከው "እግዜር ይማርሽ" የሚል ቃል ነበር።

ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ቀን ብቅ ሲል ልጄ አላወቀችውም። አራት ዓመት ሊሆናት ነው። በሩ ላይ ቆሞ "ነይ!" ሲላት ከቀሚሴ ኋላ ገብታ፣ "እማዬ፣ ሰውዬው ምን ፈልጎ ነው?" አለችኝ። እሱ ጥርሱን ገልጦ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ለራሴ ባል መፈለግ ተውኩ። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ልጄ አባቷን እንድታውቀው። አባት እያላት አባት እንደሌላት ሆና ስታድግ ቆሜ ማየት አልቻልኩም።

ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ፣ ከጉደር ስመለስ ዳገቱ ላይ መኪናዋ ፈላች። አቁሜ ትንሽ ቆይቼ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዤ ብከፍተው ነጭ፣ የተቆራረሰ ነገር ያለበት ውሃ አስታወከች። ሽታው የከረመ እንቁላል ነው። ጫማዬም ቀሚሴም ተበላሸ። የጭነት መኪና ጎትቶ ማዶ ካለው ጋራዥ አደረሰኝ። የጋራዡ ሰውዬ የጥርስ እንጨቱን ከአፉ ሳያወጣ "አካም ጅርቱ፣ እትዬ" ብሎ ሰላምታ ሰጠኝና ጣቱን ከዚያ ውሃ ነክሮ ቀመሰው። በዓይኔ አየሁት፣ ቀመሰው!

"ይሄን ጋሼ ሳያዩት አልነካም" አለኝ። "ኋላ እኔን ነው የሚቆጡት።"

ለባኮው አውቶቡስ ሹፌር መኪናዋ መፍላቷን ንገርልኝ ብዬ ላክሁ። ባሌ በማግስቱ መጣ። የሥራ ቀን ነው፤ ስብሰባ ሳይል፣ ዘመቻ ሳይል፣ ጭቃ ሳይል በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣ። ቤትም አልገባም፣ በቀጥታ ጋራዥ ሄዶ እጁን ሞተሯ ላይ አሳረፈ፤ የልጅ ትኩሳት የሚለካ ሰው ነበር የሚመስለው። እኔ ታይፎይድ የያዘኝ ጊዜ ያልመጣው ሰው ነው እንግዲህ።

መኪናዋን አስጎትቶ ግቢያችን አስገባትና ሥራውን ጀመረ። ጥፋቱን ያልጫነበት ነገር የለም። የማራገቢያዋ ቺንጊያ ላልቶ ነው፣ ቤንዚኑ ተበርዞ ነው፣ እኔ በዳገት አለቅጥ አስሩጫት ነው። ውሃውን ግን በክፉ አላነሣውም። እንዲያውም ራዲያተሩን አውርዶ ያጠበው በዚያው በፍል ውሃ ነው፣ መልሶ የሞላውም በእሱ። ሳፋዬ እንደገና ከሥሯ ገባ፣ ድስቴ እንደገና ነጭ ጋዝ ጠጣ። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ የምመለከተው ግን ልጄን ነበር። መጀመሪያ ቀን ከበሩ አልወጣችም። በሁለተኛው ቀን ደረጃው ላይ ተቀመጠች። በኋላ ከመኪናው ሥር የወጣውን እግር ተጠግታ የጫማውን ክር ትፈታ ትቋጥር ጀመር። እሱም ከሥር ሆኖ እግሩን እያወዛወዘ ያጫውታት ነበር። ያን ዕለት ማታ ራት ላይ "አባዬ" ስትለው ሰማሁ።

መኪናዋ ስትነሣ እጁን ታጥቦ አውቶቡሱ በስንት ሰዓት እንደሚያልፍ ጠየቀኝ። ልጄ መንገድ ድረስ ሸኝታው ስትመለስ እስኪመሽ ድረስ እያለቀሰች ነበር። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ይህ ሰው ለእኔ አይመጣም፣ ለልጁም አይመጣም፣ ለመኪናው ግን ይመጣል። ነገሩ ቢያንገሸግሸኝም ዋጥኩት።

እሱ ያከፋፈለውን ሥራ እኔ እንደገና አከፋፈልኩት። መጀመሪያ የጋራዡን ሰውዬ "አሳየኝ" አልኩት። ሳቀብኝ። ደግሜ ስነግረው ግን አሳየኝ፤ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቶ መጥረግ፣ ቺንጊያ ማጥበቅ፣ ዘይት መቀየር፣ የተበላሸ ሽቦ ተከታትሎ ማግኘት። እያቅለሸለሸኝ ተማርኩት። ጥፍሬ ሥር የገባው ጥቁር በሎሚም በሳሙናም አይለቅም፤ ሊጥ ሳቦካ የራሴ እጅ ይዘገንነኝ ነበር። ፍሬንና መሪ ላይ ጨዋታ የለም አልኩ። እነሱን ቶሎ ቶሎ አሠራለሁ፣ ሲሠሩም እንደ ወንዶቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ሳልነቅል እጠብቃለሁ። በጉደር ቁልቁለት ልጄን ይዤ የምወርደው እኔ ነኝና። ሌላውን ራሴ ከቻልኩት በኋላ፣ ከምችለው ውስጥ የትኛውን ለእሱ እንደምተውለት መምረጥ ብቻ ቀረኝ።

የምተውለት ደጄ ላይ የሚያቆማትን እንጂ መንገድ ላይ የሚያስቀራትን አልነበረም። ፍል ውሃውን እንደታዘዝኩት በየቅዳሜው እየቀዳሁ እጨምርላታለሁ፤ ነጩ ቅርፊት ራዲያተሩን እየደፈነ የራሱን ሥራ ይሠራል። የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ወደ ቀዩ ጠጋ ስትል ግቢ አስገብቼ አቆማትና እልክበታለሁ። ውሃው የዘገየ እንደሆነ ካንዴላዎቹ ጥቀርሻ እስኪለብሱ እተዋቸዋለሁ። ከዚያም በላይ የቸኮልኩ እንደሆነ አንድ ሽቦ ነቀል አደርጋለሁ። መልእክቴ ሁልጊዜ አጭር ነው፤ "መኪናዋ አልነሣም አለች።" ከዚህ በላይ አያስፈልግም ነበር። እኔና ልጄ ደህና ነን ወይ የሚል ጥያቄ ተመልሶ መጥቶ አያውቅም፤ የሚመጣው "ድምጿ እንዴት ነው? ታስላለች?" የሚል ነው።

እሱም ይመጣል። እንደ ታመመ ዘመድ ይጠይቃታል። ባዶ እጁን አይመጣም፤ ለመቀመጫዋ ልብስ፣ ለመሪዋ ሽፋን ይዞላት ይመጣል። ለልጅቷ ከረሜላ ያመጣላት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ኪሱ ውስጥ ከካንዴላ ጋር ከርሞ ቤንዚን ቤንዚን የሚል። ልጄ ግን በላችው። ጎረቤቶቼ ደግሞ፣ "ምን ያለሽ የታደልሽ ነሽ! ያን ሁሉ መንገድ እንዴት ይመላለስልሻል!" ይሉኛል። እኔ ፈገግ ብዬ ሻይ እቀዳለሁ። ከፈገግታዬ ኋላ ምን እንዳለ ቢያዩ ሻዩን ባልጠጡልኝ።

የጋራዡን ሰውዬ ግን ማታለል አልተቻለም። አንድ ቀን ሊያግዝ ግቢያችን መጥቶ፣ ባሌ ዕቃ ሊያመጣ በሄደበት ሰውዬው ኮፈኑ ውስጥ አንገቱን አስግጎ ቆየና ቀና አለ።

"እትዬ፣ ዱጋውን ይንገሩኝ፤ እውነቱን። ይሄ ሽቦ በራሱ አልወለቀም። ሰው ነው የነቀለው።"

"ምን አገባህ?" አልኩት።

ወደ ልጄ አየ። ልጄ የአባቷን ትልቅ ኮት ለብሳ፣ እጅጌው መሬት እየጠረገ፣ አጥሩ ሥር "አባዬ መጣ፣ አባዬ መጣ" እያለች ትዘላለች። የጥርስ እንጨቱን ከአፉ አውጥቶ ተፋና፣ "ቶሌ፣ እሺ" አለኝ። "እኔ ምንም አላየሁም።" ያን ቀን ትፋቱን በጫማዬ አፈር ሳለብሰው ብዙም አልቀፈፈኝም።

እንዲህ እያልን ክረምትና በጋ ተፈራረቁ። ልጄ ድና ነበር ማለት እችላለሁ። ማታ ማታ የአባቷን ነገር ታወራልኛለች፤ ጢሙ እንዴት እንደሚዋጋ፣ ከመኪና ሥር ሆኖ ምን ብሎ እንደሚዘፍን። እሱ ከኖረ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ይኖራል፤ ሞተሯ ከተነሣች አንድ ሰዓት አይጨምርም። አንድ ጊዜ "እሁድን እንኳ ዋል" ብለው፣ "ምን ልሠራ? ድና የለም እንዴ?" ብሎ በመገረም አየኝ። የምሩን ነበር። ከመኪናዋ ውጭ በዚያ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ አይታየውም። እጸየፈው ነበር፣ ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ቢሆንም ልጄ የጫማውን ኮቴ ስትሰማ የሚበራውን ፊቷን አይቼ፣ በሚቀጥለው ጊዜ የቱን እንደምተውለት አስብ ነበር።

አንድ እሁድ እንዲሁ ጥገናውን ጨረሰ። መኪናዋ ቁልፉን ገና ሲያዞረው ተነሣች፤ ደስ ብሎት ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት። ቦርሳው በረንዳው ላይ ተዘጋጅቷል። እጁን በነጭ ጋዝ እየጠረገ ሳለ ልጄ ከጓዳ ወጣች፤ አንድ እግር ኮንጎ ጫማዋን አንጠልጥላለች። የላስቲኩ ማሰሪያ ለሁለት ተበጥሷል።

"አባዬ፣ ይሄም ተበላሸ" አለችው።

"አምጪው እስቲ!" አለ በደስታ። ጠፍጣፋ ብረት ምድጃው ላይ አግሎ፣ የተበጠሰውን ጫፍና ጫፍ አቅልጦ አጣበቀው። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ልጄ አገጯን ጉልበቱ ላይ አስደግፋ ቁጢጥ ብላለች፤ የምታየው ጫማውን አልነበረም፣ የእሱን ፊት ነው። በእጁ ጎበዝ ነበር፣ አልክድም። "ይኸው፣ ዳነ!" ብሎ ሰጣት። ተቀበለችውና ሳታጠልቀው ወደ ጓዳ ሮጠች።

እኔ የእጅ ውሃ ላመጣለት ተከትያት ገባሁ። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሌላኛውን እግር ጫማ በጭኖቿ መካከል አጣብቃ፣ ማሰሪያውን በሽንኩርት ቢላዬ ትገዘግዘዋለች። ስታየኝ አልደነገጠችም።

"እማዬ፣ ቆይ፣ ልጨርስ" አለችኝ።

ማሰሮውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ጨርሳ ተነሣች፣ በአጠገቤ አልፋ ወጣች። ስወጣ ባሌ ኮቱን ለብሷል። ጫማውን ወደ ላይ ዘርግታለታለች።

"አባዬ፣ ይሄኛውም ተበላሸ።"

ከአስፋልቱ ወዲያ የአውቶቡሱ ጡሩምባ ተሰማ። ባሌ ጫማውን አየ፣ ሰዓቱን አየ።

"እሱን እናትሽ ትችለዋለች" አላት፤ ጫማውን ተቀብሎ እጄ ላይ አኖረና ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ።